እንደ ባላጋራው መሰለፍ፤ ከገናሌ ዳርቻ እስከ ኳስ ሜዳ

የእግር ኳስ አሠልጣኝ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የተጋጣሚው ጠባይ በተለወጠ ቁጥር የራሱን ቡድን አሰላለፍ ይለውጥ ወይስ ተጫዋቾቹ በለመዱት ሥርዐት ጸንተው ይግጠሙ? ከሜዳ ዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለአሠልጣኙ ግን በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው። ለውጦ ቢሸነፍ «የለመዱትን አሳታቸው» ይባላል፤ ሳይለውጥ ቢሸነፍ ደግሞ «ግትር ነው፣ ከባላጋራው አይማርም» ተብሎ ይወቀሳል። ቢያሸንፍ ግን ሁለቱም ነቃፊዎች ምስጋናውን ለተጫዋቾቹ ይሰጣሉ።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። «አሰላለፍ» የወጣው «ሰልፍ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ሰልፍ በቀደመው አማርኛ ውጊያንም የጦር አቋቋምንም ያመለክታል። የኳስ ሜዳ ቃሉን የተዋሰው ከጦር ሜዳ ነው። ስለዚህ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው፣ ጥያቄው በሕይወት ዋጋ ከተፈተነባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዱን፣ ማለትም ነጌሌ ቦረናንና የደቡቡን ቆላ፣ መነሻ ቢያደርግ ከመንገዱ አልወጣም።

በገናሌ ዳርቻ

ነጌሌ ቦረና በቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች፣ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ ናት። ከደጋው ተነሥቶ በገናሌ ወንዝ አቅጣጫ ወደ ዶሎ ለሚወርድ መንገደኛ የቆላው በር ነች። በ1928 ዓ.ም. የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው የደቡቡን ጦር ይዘው በዚህች በር በኩል ወደ ዶሎ ወረዱ። የሠራዊቱ ልማድ ከአባቶቹ የወረሰው ነበር፤ ብዙ ሆኖ መጓዝ፣ ቀርቦ መግጠም፣ በአንድ ቀን ውጊያ ዕድልን መለየት። ይህ ልማድ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አስገኝቷል።

በገናሌ ሸለቆ የጠበቀው ባላጋራ ግን የዓድዋው ባላጋራ አልነበረም። የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር በካሚዮንና በብረት ለበስ መኪና የሚንቀሳቀስ፣ በአውሮፕላን የሚታገዝ ነበር። መጠለያ በሌለበት ቆላ ብዛት መከታ መሆኑ ቀረና ለአውሮፕላን ዒላማ ሆነ። ስንቅም ከደጋው እስኪደርስ ድረስ መንገዱ በላው። ጥር 3 ቀን 1928 ዓ.ም. የተጀመረው የገናሌ ዶሪያ ውጊያ በጥቂት ቀናት ውስጥ አበቃ፤ ጥር ሳያልቅም ነጌሌ በጠላት እጅ ወደቀች። ግራዚያኒም በኋላ ጊዜ «የነጌሌ ማርኪዝ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

ለተያዘው ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ራስ ደስታ የተረፈውን ሠራዊት ይዘው ወደ ሲዳሞ ደጋ ተመለሱ፤ ደጃዝማች በየነ መርድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በተራራና በደን እየተከለሉ፣ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ እንኳ ለ9 ወራት ያህል ጠላትን ዕረፍት ነሡት። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ ተይዘው በጥይት እስከ ተገደሉ ድረስ የደቡቡ ግንባር አልተዘጋም።

የአርበኞችን ደም ከጨዋታ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ይሁን እንጂ የሰልፍ ጥያቄ አጥንቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ከገናሌ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የባላጋራውን መሣሪያና አቅም ያልቈጠረ ሰልፍ የተሰለፈውን ጀግንነት በከንቱ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ ረጅም ጊዜ የቈየው ለውጥ ከውጭ የተቀዳው ሳይሆን ተዋጊው የሚያውቀውን አገርና የለመደውን ብልኀት የተንተራሰው ነው። የኋለኛው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከለንደን እስከ በርን

በእግር ኳስ ታሪክ ትልቁ የአሰላለፍ ለውጥ የመጣው ከባላጋራ ሳይሆን ከሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተሻሻለ። ከዚያ በፊት ኳስ የሚቀበለው አጥቂ በእርሱና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች እንዲኖሩ ይገደድ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ቁጥሩን ወደ ሁለት ዝቅ አደረገው። ጎል በዛ፤ ተከላካዮችም ግራ ተጋቡ። የአርሰናሉ አሠልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን የመሐል ሜዳውን ሴንተር ሀፍ ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ባኮች መካከል አቆመው። በዚህም ሦስት ተከላካይ፣ ሁለት ሀፍ ባክ፣ ሁለት ኢንሳይድና ሦስት አጥቂ ያለበት «ደብልዩ ኤም» የተባለው አሰላለፍ ተስፋፋ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ የተጫዋቾቹ አቋቋም እነዚህን ሁለት የላቲን ፊደላት ይመስል ነበርና ስሙም ከዚያ ወጣ።

ለአንድ ችግር መፍትሔ ሆኖ የተወለደ ነገር ግን ቀስ በቀስ ልማድ፣ ከዚያም እምነት ይሆናል። እንግሊዝ ደብልዩ ኤምን ለ28 ዓመታት ያህል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይዛው ቈየች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1953 የሀንጋሪ ቡድን ዌምብሌይ ላይ ሲገጥማት፣ ከብሪታንያ ደሴቶች ውጭ ለመጣ ቡድን በሜዳዋ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። የሀንጋሪው አሠልጣኝ ጉስታቭ ሸበሽ 9 ቁጥር የለበሰውን ናንዶር ሂደግኩቲን ከፊት መስመር ወደ ኋላ ሳበው። የእንግሊዙ ሴንተር ሀፍ ሃሪ ጆንስተን አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ሂደግኩቲን ቢከተለው ከኋላው ሰፊ በር ይከፈታል፤ ቢተወው ሂደግኩቲ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ጨዋታው 6 ለ 3 ሲያልቅ ከስድስቱ ጎሎች ሦስቱን ያገባው ሂደግኩቲ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ እንግሊዝ ቡዳፔስት ሄዳ 7 ለ 1 ተሸነፈች። ከመጀመሪያው ሽንፈት ይልቅ ሁለተኛው የበለጠ ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ያለማወቅ፣ ሁለተኛው ዐውቆ ያለመለወጥ ዋጋ ነበርና።

ሀንጋሪን ማን አቆማት? በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመን በምድቧ 8 ለ 3 ተረታችላት። ሁለቱ ቡድኖች በፍጻሜው በርን ላይ እንደገና ሲገናኙ ግን ጀርመን 3 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ዜፕ ኸርበርገር በምድቡ ጨዋታ ብዙ ቋሚ ተጫዋቾቹን አሳርፎ ስለ ነበር፣ ለፍጻሜው ያሰለፈው ቡድን ሌላ ነበር። የጨዋታውን መሠረት ግን አላፈረሰም፤ ሆርስት ኤከል ሂደግኩቲን በቅርብ እንዲጠብቅ አዘዘው። ጆንስተንን ያስጨነቀው ጥያቄ ለኤከል አልቀረበለትም፤ መልሱን ከቤት ይዞ መጥቷልና። ኸርበርገር የለወጠው የአንድን ሰው ተግባር ነበር።

አንድ ባላጋራ፣ ሦስት ግጥሚያ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከግብፅ ጋር የተደረጉትን ሦስት ግጥሚያዎች የሚያህል ምስክር አይገኝም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎሎች ያገባው አድ ዲባ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም፣ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የተሰለፈችው ግብፅ ዳግመኛ 4 ለ 0 ረታች፤ ሦስቱ የኤል ጎሃሪ ጎሎች ነበሩ። አንድ ቡድን በአንድ ባላጋራ ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ውጤት ሲሸነፍ፣ ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር «ሁሉን ለውጥ» የሚል ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም ሦስተኛው ግጥሚያ ተደረገ። በይድነቃቸው ተሰማ መሪነት የተሰለፈው፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል የሆነበት ቡድን በ35ኛው ደቂቃ በባደዊ ጎል ተመራ። እስከ 74ኛው ደቂቃም በዚያው ቈየ። በዚያች ደቂቃ አቻ ቢሆንም፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ባደዊ እንደገና አገባበት። እንዲህ ያለ ጊዜ የብዙ ቡድን ሥርዐት ይፈርሳል፤ የኢትዮጵያ ግን አልፈረሰም። በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ጨዋታው በ4 ለ 2 አበቃ፤ ዋንጫውም በአዲስ አበባ ቀረ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለባለ ሜዳው ጠቅሟል ቢባል እውነት ነው፤ በተጨማሪው ሰዓት የተገኙት ሁለት ጎሎችም ይህን ይደግፋሉ። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። ውድድሩ በ1960 ዓ.ም. ወደ አገር ቤት ሲመለስ፣ ቡድኑ በዚያው ከፍታ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፏል፤ ያም ግጥሚያ የተወሰነው በተጨማሪ ሰዓት ነው። ስለሆነም በ1954 ዓ.ም. የታየው ልዩ ነገር ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜም ሥርዐቱን ሳይለቅ መመለስ ነው።

ሁለተኛው ጥር 13

ዋንጫው ከተገኘ ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት ቈይታ በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ላይ ታየች። ቦታው የደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት፣ አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው፣ ተጋጣሚዋም የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሜዳው አሸዋ የበዛበትና ሣሩ የሳሳ ስለ ነበር፣ በአጭር ቅብብል ለሚጫወት ቡድን አልተመቸም። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰውም ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ 10 ሰው ቀረው፤ ጎልም ገባበት። ይሁን እንጂ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አግብቶ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ።

ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቡርኪና ፋሶ በአለን ትራኦሬ ጎል 1 ለ 0 እየመራች ሳለ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ወጣባት። አሁን በቁጥር የምትበልጠው ኢትዮጵያ ናት። ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ስትገፋ ከኋላዋ ሰፊ ቦታ ተከፈተ፤ በ10 ሰው የቀረችው ቡርኪና ፋሶም ሦስት ጎል ጨምራ በ4 ለ 0 አሸነፈች። በጥር 21ዱ ጨዋታ ደግሞ ኢትዮጵያ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ገደማ ያለ ጎል ይዛ ቈየች፤ የተሸነፈችው በቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። በዚያ ዓመት ለዋንጫ የተጋጠሙት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ፣ ሁለቱም ከዚያው ምድብ የወጡ ነበሩ።

በዛምቢያ ጨዋታ ቡድኑ በግድ ተለወጠ፤ ሰው ስለ ጐደለ የእያንዳንዱ ተጫዋች ተግባር በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነ። በቡርኪና ፋሶ ጨዋታ ግን ዕድል ከፊቱ ተከፈተና ሚዛኑን አሳተው። የሰው ብልጫ ማግኘትም እንደ ሰው መጉደል ሁሉ አስቀድሞ ልምምድ የሚሻ ሁኔታ ነው። «ተጋጣሚያችን አንድ ሰው ቢጎድለው ምን እናደርጋለን?» የሚለው ጥያቄ በልምምድ ሜዳ ካልተመለሰ፣ በግጥሚያ ሜዳ የሚመልሰው ጉጉት ነው።

የቆላው ሜዳ

ወደ ደቡቡ ቆላ ከተሞች፣ ወደ ነጌሌ፣ አዶላ፣ ሻኪሶ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ ሲመለሱ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በእነዚህ ከተሞች ባላጋራው 11 ሰው ብቻ አይደለም፤ አየሩም መሬቱም ከተጋጣሚ ይቈጠራሉ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ በምትገኘው ነጌሌ ግፊቱ ወደ 84 በመቶ ከፍ ይላል። የሙቀቱም ልዩነት ገብቶ ሲሰላ የነጌሌ አየር ከአዲስ አበባው በ8 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ በደጋ ረጅም ኳስ መምታት የለመደ ተጫዋች ቆላ ሲወርድ ኳሷ ከጠበቃት ቦታ ቀድማ ትወድቅበታለች፤ የቆላው ልጅ ደግሞ ደጋ ሲወጣ ኳሷ ታልፈዋለች፣ ትንፋሹም ያጥረዋል። በደረቅ ወራት የጠጠረው ቀይ አፈር ኳስን ወደ ላይ ያነጥራል። የቦረና ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ ደጋው ጭቃ በሚሆንበት ክረምት የቆላው ሜዳ ድንጋይ ነው።

ይህ ልዩነት ትናንሽ ከተሞችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ግጥሚያዎች ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች በዙር የተካሄዱ መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። የደጋ ቡድን በድሬዳዋ ሙቀት፣ የቆላ ቡድን በጅማ ዝናብ ተጫውቷል። በደቡብ ያደገ ቡድን ለታላቅ ደረጃ እንደሚበቃም አዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ በማንሣት አስመስክሯል።

ለጥያቄው ከዚህ አካባቢ የተሻለ አገር በቀል ምሳሌ የሚገኘው ግን ከሜዳ ውጭ ነው። ቦረናዎች ከዱብሉቅና ከሌሎቹ የቱላ ኤላዎች ውኃ የሚያወጡት ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ ነው። በጉድጓዱ ግድግዳ እርከን ላይ የቆሙት ሰዎች ባልዲውን ከታች ወደ ላይ፣ ባዶውን ከላይ ወደ ታች እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተመሩ ከብቱን ያጠጣሉ። አንዳንዱ ኤላ ወደ 30 ሜትር ይጠልቃል። ድርቁ ሲበረታና ውኃው ሲሸሽ በሰንሰለቱ ላይ ሰው ይጨመራል፤ ዝናብ ሲጥልና ውኃው ከፍ ሲል ይቀነሳል። የተሰላፊው ቁጥር እንደ ውኃው ጥልቀት ይለዋወጣል። የማይለወጡ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንዱ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ከክንድ ርዝመት ካለፈ ባልዲው ይወድቃል። ሌላው ሁሉን በአንድ ምት የሚያንቀሳቅሰው ዜማ ነው። ተራውን የሚመድበው አባ ሄሬጋም ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚወስነው ከብቱ በጥም ከጉድጓዱ አፍ ከመድረሱ በፊት ነው።

የአሠልጣኝነት ሥራም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ስንት ሰው ከኋላ፣ ስንት ከፊት ይቁም የሚለው ቁጥር እንደ ባላጋራው ጥልቀት ሊለዋወጥ ይችላል፤ ደግሞም ይገባዋል። በተጫዋቾች መካከል ያለው ርቀትና ቡድኑ የሚንቀሳቀስበት ምት ግን ለማንም ባላጋራ ሲባል አይለቀቁም። በ1954 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ የተመራው ቡድን ያልለቀቀው ይህንኑ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ ጋር የተበጠሰውም ይኸው ርቀት ነው።

ለመሐንዲሱ የሚቀረው

እንግዲህ አሠልጣኝ አሰላለፉን እንደ ተጋጣሚው ይለውጥ ለሚለው ጥያቄ ታሪክ የሚሰጠው መልስ «አዎን» የሚል ሆኖ ሦስት ገደብ አለው። ለውጡ በግጥሚያው ዋዜማ የሚታወጅ ሳይሆን ቀደም ብሎ ልምምድ የተደረገበት ይሁን። መላውን ሰልፍ ከመናድ በፊት እንደ ኸርበርገር የአንድን ወይም የሁለት ሰዎችን ተግባር መለወጥ ይቅደም። ከሁሉም በላይ ለውጡ ተጫዋቾቹ ከሚችሉት ይነሣ፤ የሌላውን ሰልፍ የለበሰ ቡድን የሌላውን ጫማ እንደተጫማ ሰው ነው።

እነዚህን ገደቦች የሚያከብር አሠልጣኝ እንኳ አንድ ነገር ከሌለው ምርጫ የለውም፤ ይኸውም የተስተካከለ ሜዳ ነው። ጎርበጥባጣ በሆነና ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ኳስ በምድር አይሄድም። ቡድኑ አራት ተከላካይ ቢያቆም ሦስት፣ ጨዋታው ያው ኳስን ወደ ላይ መምታት ብቻ ይሆናል። በቆላ ከተማ ተወልዶ በእንዲህ ያለ ሜዳ ያደገ ልጅ ወደ ትልቅ ክለብ ሲሄድ፣ ሌሎች በ12 ዓመታቸው የተማሩትን በ20 ዓመቱ ይጀምራል። ችሎታው ከእግሩ ጠፍቶ ሳይሆን ከእግሩ በታች ያለው መሬት አላስተማረውምና ነው።

ይህን ማስተካከል የሙያው ባለቤቶች ጉዳይ ነው። የሜዳውን መሐል በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ወደ ዳርና ዳር ተዳፋት መስጠት፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ማውጣት፣ የጠጠረውን አፈር ማረስና አሸዋ መቀላቀል፣ በበልግ የሚወርደውን ውኃ አጠራቅሞ በበጋ ሣሩን ማጠጣት፤ ከእነዚህ አንዱም ለመንገድና ለውኃ ሥራ ባለሙያ አዲስ አይደለም። ለመንገድ ሥራ ወደ ነጌሌ ወይም ወደ ያቤሎ የሚወርድ ግሬደር ከመመለሱ በፊት ሁለት ቀን በከተማው ኳስ ሜዳ ላይ ቢውል፣ የከተማው አሠልጣኝ ስለ አሰላለፍ ማሰብ የሚችልበት ቦታ ያገኛል።